ከአንገቱ ጣቢያ የመጣው ጥሪ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ በጅንም በዛርም በሟርትም የማላምን ሰው ነኝ፣ ጎባ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ይህን ዓይነቱን ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠግቤዋለሁ፣ ሰኔቲ ተራራ ላይ ጉም ውስጥ ሰው ሲጠራኝ ሰማሁ ያለኝን ሹፌር ሁሉ ብሰበስብ አንድ አውቶቡስ ይሞላል፣ በሁሉም ስቄባቸዋለሁ። ሙያዬም አይፈቅድልኝም፣ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የማደርግ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያዘዝከውን እንጂ ያላዘዝከውን አይሠራም፣ ከተበላሸም ያበላሸኸው አንተ ነህ፣ ሰይጣን የለበትም። ሌላው ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያወራ ሁልጊዜ በእኩለ ሌሊት ነው፣ ውሻ ያላዝናል፣ መብራት ይጠፋል፣ የእኔው ግን ቀን ነው፣ ከምሳ በኋላ፣ ሆዴ ሞልቶ፣ ጤነኛ ሆኜ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ፣ በል ስማኝ።

ሮቤ ውስጥ የደን ቡና ከገበሬ ሰብስቦ ለነጋዴ የሚያቀርብ አንድ ማኅበር ነበር፣ እዚያ ነበር የምሠራው፣ ስሙን ተወው፣ ዛሬ የለም። ቢሯችን ሮቤ ነው፣ ቡናው ደግሞ ከተራራው ወዲያ፣ አንገቱ የሚባል ቦታ፣ ደን ውስጥ ነው፣ መሐላቸው ሰኔቲ ተገትሯል፣ ስልኩ ሲፈልግ ይሠራል ሲፈልግ ይጠፋል። ይህን ያየ ጀማል የሚባል ባልደረባዬ፣ የጎባ ልጅ ነው፣ ከእኔ በዕድሜ ትንሽ ያንሳል፣ የራሳችንን የሬዲዮ መስመር ዘረጋልን፣ ተራራው ላይ አንቴና፣ ጎባ አንቴና፣ አንገቱ አንቴና፣ በቃ፣ እዚያ ማዶ የተመዘነው ቡና እዚህ ስክሪኔ ላይ ይታየኝ ጀመር። ድምፅም እንዲያልፍ አደረገው፣ ጠረጴዛዬ ላይ «አንገቱ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ስልክ ተቀመጠ፣ እሱን ስታነሳ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ያነሳል። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ አንገቱ፣ ቡናው የሚመዘንበት ጣቢያ ተመደበና ሄደ።

አሁን ትንሽ የሙያ ነገር ልነግርህ ነው፣ አትሰልች፣ ቀላል ነው። መልእክት ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲሄድ ሳይቆራረጥ አይሄድም፣ በትንንሽ ጥቅል ተከፋፍሎ ነው፣ ፓኬት እንለዋለን፣ እያንዳንዱ ጥቅል ደግሞ ከእኛ ሰው መምጣቱ እንዲታወቅ ማኅተም አለው፣ ማኅተሙን የምትመታው በምስጢር ቁልፍ ነው፣ የአንገቱ ቁልፍ ያለው ጀማል ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ማኅተም የሚመረምረውን ክፍል ጀማል ራሱ ጽፎ በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሆድ ውስጥ አስገባው፣ ሲስተሙ ማንም ከፍቶ የሚያስተካክለው ዓይነት ስለሆነ ይቻላል። ግን ምን ዓይነት አጻጻፍ መሰለህ! ጥቅሉ ሲገባ ይመረምረዋል፣ መሐል ላይ ይመረምረዋል፣ ሊወጣ ሲል ይመረምረዋል፣ ያው አንዱ ኮድ ተገልብጦ ሦስት ቦታ ተለጥፏል። ይባስ ብሎ አዲስ ግንኙነት ሲጀመር የመጀመሪያውን ጥቅል፣ ማኅተሙ ትክክል ቢሆንም እንኳን፣ ዝም ብሎ ይጥለዋል፣ ሁለተኛውንም ይጥለዋል፣ ሦስተኛ ሲመጣ ነው የሚመልሰው። ጉም መስመሩን በቆረጠው ቁጥር ይህ ሁሉ እንደገና ይጀምራል፣ ሰኔቲ ላይ ደግሞ ጉም የማይኖርበት ሰዓት የለም።

እኔ የተዝረከረከ ኮድ ሳይ ያመኛል፣ እውነቴን ነው፣ ወሬዬን ማሳጠር ባልችልም ኮድ ማሳጠር እችልበታለሁ። ገና አብረን እያለን ተጨቃጭቀንበታል።

«አንተ፣ ትክክለኛ ማኅተም ያለውን ጥቅል ምን ሆነህ ነው የምትጥለው?» አልኩት።

«አዮ ናት እንዲህ ያሳደገችኝ» አለኝ እየሳቀ፣ እናቱን ነው አዮ የሚላት። «ከደጅ ስምህን ሲጠሩህ ሦስተኛ ሳይጠሩህ አቤት አትበል ትላለች፣ ሰው ያልሆነ ነገር አንዴ ነው የሚጠራው፣ አንዴ ጠርቶ ይጠብቅሃል።»

«እና ኮምፒውተሩን ከጅን እየጠበቅከው ነው?»

«አዮ ተሳስታ አታውቅም» አለኝ፣ አሁንም እየሳቀ፣ እኔም ስቄ ተውኩት።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ፣ አንተም ታስታውሰዋለህ፣ ወጣቱ መንገድ የዘጋበት፣ የሞባይል ኢንተርኔት የጠፋበት፣ አዋጅ የታወጀበት። አንድ ቀን ከአንገቱ የሚመጣው መስመር ዝም አለ፣ ጉም ነው ብዬ ጠበቅኩ፣ ከአንገቱ የመጣ ሹፌር ነው የነገረን፣ ሰዎች መጥተው ጀማልን ከነኮምፒውተሩ ጭነው ወስደውታል። የት እንደወሰዱት የሚያውቅ የለም። ጣቢያው ተዘጋ፣ አንቴናው ተነቅሎ ወደ ሮቤ መጣ፣ ገመዱ እንደተጠቀለለ እኔ ቢሮ ከበሩ ኋላ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ነው እማማ ሐሊማ መመላለስ የጀመሩት፣ የጀማል እናት። ጀማል አንድ ልጃቸው ነው፣ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የገበያ ቀን በሚኒባስ ከጎባ ይመጡና ቅቤያቸውን ሸጠው ሲጨርሱ እኔ ቢሮ አግዳሚው ላይ ቁጭ ይላሉ። «አካም ጅርታ ሰለሞን? ነጋ ነው፣ ሰላም ነው? ልጆቹ ደህና? ሥራው ደህና?» ሁሉንም ጠይቀው ሲያበቁ ነው ስለ ልጃቸው የሚጠይቁት፣ ያኔ ድምፃቸው ይወርዳል። እስር ቤት የሚባል ቦታ ሁሉ ዞረዋል፣ እዚህ የለም ይሏቸዋል፣ ስሙ ራሱ የለም ይሏቸዋል። አንድ ቀን ያሉኝ ከሆዴ አይወጣም።

«ሞቷል ብለው ቢነግሩኝ ለቅሶ እቀመጥ ነበር» አሉኝ። «አለ ቢሉኝ ስንቅ ይዤለት እሄድ ነበር። አሁን ምን ላድርግ? ለቅሶ እንዳልቀመጥ ሟርት ይሆንብኛል፣ እንዳልተወው እናት ነኝ። ያ ረቢ፣ አንዱን እንኳን ቢለይልኝ።»

እኔ ሻይ አስመጣላቸው ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አለቃዬ ጠራኝ፣ ለመጪው ቡና ሌላ ጣቢያ ሊከፈት ነው፣ መስመሩ ቶሎ አይገናኝም፣ ስልኩ ይዘገያል፣ አስተካክለው አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ደግሞ ያ ልጅ የጻፈው ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ባይገኝ ጥሩ ነው፣ ጊዜውን እያየኸው ነው» አለ። የአለቃዬን ፍርሃት ለእሱ ልተውለትና እኔ ሥራውን በደስታ ነው የጀመርኩት፣ አልዋሽህም። ሦስት ቦታ የተለጠፈውን አንድ ቦታ ሰበሰብኩት፣ የማያስፈልገውን ቆረጥኩ፣ ያንን የሦስተኛ ጥሪ ነገር ሙሉ በሙሉ አወጣሁት፣ ማኅተሙ ትክክል ከሆነ በመጀመሪያው ጥሪ መልስ፣ አለቀ። ንጹሕ፣ አጭር፣ አንድ ገጽ የማይሞላ ኮድ፣ ያየው ባለሙያ ሁሉ እጄን ይስመው ነበር።

የጨረስኩት የገበያ ዕለት ነው። ምሳ በልቼ ተመለስኩ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጉሙ እስከ አስፋልቱ ወርዶ ከደጅ የቆሙት ባጃጆች አይታዩም፣ እማማ ሐሊማ በስብሰው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አዲሱን ኮድ ጫንኩ፣ ማሽኑን አጠፋሁና አስነሳሁ፣ ጎባን ሞከርኩ፣ ወዲያው መለሰ። ደስ ብሎኝ ወንበሬ ላይ ተንጋለልኩ።

ያኔ ነው መብራቱን ያየሁት። ገመዶቹ የሚሰኩባት ትንሽ ሣጥን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አለች፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው በላይ አንድ አረንጓዴ መብራት። የአንገቱ ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ገመዱን ራሴ ነቅያለሁ። መብራቷ ግን በራች። እርጥበት ነው አልኩ፣ እመነኝ፣ በመጀመሪያ ያልኩት ይህንን ነው፣ በጣቴ ቀዳዳውን ነካሁት፣ ደረቅ ነው፣ ባዶ ነው። መብራቷ ጠፋች፣ እንደገና በራች፣ መልእክት ሲያልፍ እንደምትርገበገበው መርገብገብ ጀመረች። የማሽኑ ማራገቢያ ድምፁን ከፍ አደረገ። ወደ በሩ ኋላ ዞር ብዬ አየሁ፣ አንቴናው እንደተኛ ነው፣ አቧራው እንኳን አልተነካም። ስክሪኔ ላይ አንድ ጥቅል መግባቱ ታየ፣ ከአንገቱ፣ ማኅተሙ ትክክል፣ ተመልሶለታል ይላል።

ስልኩ ጮኸ። ሙሉ ጩኸት አይደለም፣ አጭር፣ አንዴ ብቻ፣ ከዚያ ዝም።

እማማ ሐሊማ ቀና አሉ። እኔ እጄ በራሱ ሄዶ አነሳው መሰለኝ፣ ላንሳ ብዬ ማሰቤን አላስታውስም። መጀመሪያ የሰማሁት ዝናብ ነው፣ ግን የእኛን ዝናብ እንዳይመስልህ፣ የእኛ ቆርቆሮ ላይ ነው የሚዘንበው፣ ያኛው ቅጠል ላይ ነው፣ ብዙ ቅጠል ላይ፣ ከባድና ለስላሳ። ከዝናቡ ውስጥ አንድ ሰው ትንፋሽ ወሰደ። ከዚያ በጀማል ድምፅ፣ ያንን ድምፅ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ አልስተውም፣ «አዮ» አለ።

«ማን ነው?» አሉኝ እማማ ሐሊማ።

የተሳሳተ ቁጥር ነው ማለት ነበረብኝ መሰለኝ፣ ግን ፊታቸውን እያየሁ እንዴት እዋሻለሁ?

«አዮ… አለ» አልኳቸው።

አልጮኹም፣ አላለቀሱም። ብድግ ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ስንቴ ጠራ?»

«አንዴ።»

«ዝም ብለህ ያዘው። ጀማል ከሆነ ይደግመዋል።»

ያዝኩት። ጠበቅን። ከዚያ ማዶ ዝናቡ ይወርዳል፣ ትንፋሹም አለ፣ አልሄደም፣ እሱም እኛን እየጠበቀ ነው፣ ይህንን እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቀኝ፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ሳታየውም ታውቅ የለ? አልደገመም። ክንዴ ዛለ፣ ጆሮዬ ቀዘቀዘ፣ አልደገመም።

«እማማ፣ ልዝጋው?» አልኩ።

«ልጄ ሦስቴ ነው የሚጠራው፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ልጄ አይደለም።»

«እና ልዝጋው?»

«ሰለሞን፣ ልጄ ከሄደ ወዲህ እኔን አዮ ብሎ አንዴ እንኳን የጠራኝ የለም» አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

ሰጠኋቸው። ገልብጠው ነው ጆሯቸው ላይ ያስቀመጡት፣ አዙሬ አስተካከልኩላቸው፣ እጃቸው በረዶ ሆኗል።

«አቤት» አሉ። «አቤት ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አለሁልህ።»

መብራቷ መርገብገቧን አቆመችና ቀጥ ብላ በራች። እሳቸው ያዳምጣሉ። አንድ ጊዜ «ቶሌ» አሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ ትንሽ ቆይተው «ብቻዬን፣ አዎ» አሉ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ፣ ያንን ፈገግታ ከዚያ በፊት አይቼባቸው አላውቅም፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ከሁሉም ያስፈራኝ እሱ ነው። ስልኩን የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው አስቀመጡት። መብራቷ ጠፋች።

«ምን አለዎት?»

«ብርድ ነው አለኝ። ቡልኮ ይዘሽልኝ ነይ አለኝ።»

«የት ነው ያለው?»

«መንገዱን እኔ አሳይሻለሁ ብሏል።»

«እማማ፣ እርስዎ ራስዎ ጀማል አይደለም ብለው አልነበረም?»

«ብያለሁ» አሉ፣ ባዶ የቅቤ ዕቃቸውን አንስተው። «አላህ ይስጥህ ልጄ፣ ብዙ ደከምክልኝ።» ልከተላቸው ብል በእጃቸው መለሱኝ፣ ብቻሽን ነይ ተብያለሁ አሉ። ከደጅ የጎባ ሚኒባስ ረዳት እየተጣራ ነበር፣ ገቡ፣ ጉሙ ውስጥ ሄዱ። ነገ ጎባ ሄጄ አያቸዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ከዚያ ተመልሼ ያንን ሣጥን ከኤሌክትሪኩ ነቀልኩት።

በማግስቱ ሄድኩ። በራቸው ገርበብ ብሏል፣ እሳቸው የሉም። ጎረቤታቸው ወጥታ ነገረችኝ፣ ጧት ገና ጉሙ ሳይነሳ ቡልኳቸውን ተሸክመው በሰኔቲ መንገድ ወጥተዋል።

«ወዴት ነው ብያቸው ልጄ ጋ ነው አሉኝ» አለችኝ። «ተፈታ እንዴ ብዬ እልል ልል ነበር።»

«ከማን ጋር ነበሩ?»

«ብቻቸውን» አለች፣ ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች «እያወሩ ግን ነበር» አለች።

ተፈለጉ። የጎባ ሰው ወጣ፣ ሹፌሮች ተጠየቁ፣ በፈረስ ተራራው ላይ ተዞረ፣ ቡልኮው እንኳን አልተገኘም። ማን ነው የደወለላቸው ተብዬ ተጠየቅኩ፣ በዚያ ጊዜ የታሰረ ሰው ደወለ ማለት ምን እንደሚያመጣ ታውቃለህ፣ አላውቅም አልኩ፣ ደግሞም አላውቅም። ከዚያ ኮዱን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት፣ ስህተት ፈለግኩበት፣ ስህተት ባገኝ እንዴት ደስ ባለኝ! የለበትም። ዛሬም ጻፍ ብትለኝ እንደዚያው ነው የምጽፈው፣ ትክክል ነው፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

ጊዜው ተለወጠ፣ የታሰሩ ሰዎች መፈታት ጀመሩ፣ በየአውቶቡሱ ይመጣሉ፣ አንዳንዱን ሕዝብ እየዘፈነ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ማንም ሳያየው ቤቱ ይገባል። አንድ ከሰዓት በኋላ አንድ የከሳ ሰው ቢሮዬ በር ላይ ቆሞ «ሰለሞን» አለኝ፣ ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ አልኩት። ከፊት ጥርሱ አንድም የለም፣ ሲናገር ቃሉ ከትንፋሽ ጋር ይበተናል፣ ድምፁ የጎረነነ የሽማግሌ ድምፅ ነው። እስከምለየው ድረስ ቆሞ ጠበቀኝ። ጀማል ነው።

ጎባ ደርሶ ነው የመጣው፣ የእናቱን ቤት አይቷል፣ ጎረቤቷ የምታውቀውን ነግራዋለች፣ የቀረውን ሰለሞን ያውቃል ብላ ልካዋለች። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም ሁሉንም ነገርኩት፣ አንድም አልደበቅኩም።

«አንተ ነህ የደወልከው?» አልኩት በመጨረሻ።

«የነበርኩበት ቦታ መብራት እንኳን አልነበረም» አለኝ። «ኮምፒውተሬን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው ዓይኔ እያየ የሰባበሩት።»

ሁለታችንም ስልኩን አየነው፣ ወረቀቱ እንደተለጠፈበት አለ። ጀማል አላነሳውም።

«ድምፁ የማን ነበር?» አለኝ።

«ያንተ።»

«ይሄ?»

ወዳጄ፣ ያ ቅጠል ላይ ከሚወርደው ዝናብ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ ሳቁን የማውቀው የጀማል ድምፅ ነው፣ አሁን ፊቴ የተቀመጠው ሰው ድምፅ የማን እንደሆነ ግን አላውቅም። «የድሮው» አልኩት።

እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«አዮ ጠብቃኝ ቢሆን ኖሮ ይሄኛውን ድምፅ ታውቀው ነበር?» አለኝ።

«እናት አይደለች እንዴ!» አልኩት ቶሎ ብዬ። «በደንብ ነው የምታውቀው።»

«አንተ አላወቅከኝም» አለኝ፣ እንደ ወቀሳ አይደለም የተናገረው። ከዚያ ተነስቶ በሚኒባስ ወደ ጎባ ሄደ።